ጠቁሮ ያደረው ጠርሙስ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አያቴ ዕድሜዋን ሁሉ የቀዳችበት ምንጭ አለ። ከሾላ ሥር ይፈልቃል፤ በጋም አይደርቅም። የከተማ የቧንቧ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር የሚናፍቀኝ እርሱ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች ይዤ ወረድሁ። በውስጣቸው በኬሚካል የተነከረ ወረቀት አለ፤ ውኃ ተሞልቶባቸው ሞቅ ባለ ስፍራ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሲቀመጡ ከጠቆሩ፣ ውኃው ዐይነ ምድር ሳይነካው አልቀረም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንዲት የኢ ኮላይ ባክቴሪያ እንኳ እንዳትገኝ ይመክራል። የእኔ ጠርሙስ ግን መቁጠር አይችልም፤ መጥቆር ብቻ ነው የሚያውቀው።

አንዱን ከምንጩ ዓይን፣ አንዱን ከከብቶቹ መጠጫ፣ አንዱን ከአያቴ እንስራ ሞላሁና ምድጃው አጠገብ አሳደርኋቸው።

በማግስቱ ሦስቱም ጠቁረው ነበር። የከብቶቹ ይጥቆር፤ የእንስራውንም ቅልና እጅ ይነካዋል። የምንጩ ዓይን መጥቆር ግን ከቤት አስወጣኝ። ሽቅብ ወጣሁ። በልጅነቴ ቁጥቋጦ የነበረው ተዳፋት እስከ ምንጩ አናት ታርሷል፤ ከበላዩ የከብት ማደሪያ አለ። ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ የለም፤ አጥርም የለም። ዝናቡ እበቱን አጥቦ በቀጥታ ወደ ሾላው ሥር ያወርደዋል። ማሳውም በረቱም የአጎቴ ነው፤ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ የአጎቴ።

ከዚያ አገር ብዙም ሳይርቅ፣ ሰከላ፣ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የግሽ ዓባይን ምንጭ ቀድቶ ለንጉሡ ጤና ጠጥቷል። ከምንጩ በላይ ማን ያርስ እንደነበር መጠየቁን እንጃ! እኔም ብሆን እስከዚያች ጠዋት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አያቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ክረምት ክረምት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ጎርፍ ሲኖር ይብሳል።»

ዝም አለች። ሁለት ልጆቿን ተቅማጥ የወሰደባት በነሐሴ ነው፤ በተለያየ ዓመት፣ ግን ሁለቱንም በነሐሴ። በረቱ ያኔ አልነበረም። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«ተወው ልጄ። የሞቱትን አልጠየቅሁህም።»

ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ወደ አጎቴ ደጅ ዳገቱን ተያያዘችው። እኔም ጃንጥላ ይዤ ከኋላዋ ሮጥሁ።