የአምቡላንሱ ጨረታ

ከስጋ ፋብሪካው የሌሊት ሺፍት ወጥቼ ቤት ሳልገባ፣ ስጋ ስጋ እየሸተትኩ፣ በቀጥታ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንጻ ሄድኩ። የካውንቲያችንን አምቡላንስ ማን ይያዘው የሚለው ጨረታ የሚሰማው ዛሬ ነበር። አምስቱ የቦርድ አባላት ከፊት ተደርድረዋል፣ ተጫራቾቹ በየተራ ይነሳሉ፣ ከኋላ ሕዝቡ ተቀምጧል። ሕዝቡ ስላችሁ አዳራሽ የሞላ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቂት ገበሬዎች፣ አንዲት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ የሚያንኮራፋ አንድ ሽማግሌ፣ እና አንድ ሐበሻ። የፋብሪካችን ልጆች፣ ትናንት በግሩፑ «እንመጣለን» ያላችሁ ሁሉ፣ አይቻችኋለሁ። ማለቴ፣ አላየኋችሁም።

ከተማ የምትኖሩት ማንም ያሸንፍ ማን ብዙ አይነካችሁም፤ ጣቢያው ደጃችሁ ነው። ነገሩ ቤት ይረክሳል ብለን በቆሎ መሃል የገባነው የእኛ ነው። እዚህ አዮዋ የገጠሩ መንገድ በየማይሉ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ጠጠር ነው፤ ካርታ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ በረዶ የጣለ ሌሊት ግን ሂዱና እዩት።

ሦስት ናቸው የተጫረቱት። የመጀመሪያው ከሌላ ስቴት የመጣ ኩባንያ ነው። ልጁ ክራቫቱን አሳምሮ፣ ስላይዱን ደርድሮ፣ «ከካውንቲው አንድ ሳንቲም አንጠይቅም» ሲል የቦርዱ ፊት ሁሉ በራ። የእኔ ሆድ ግን ፈራ። ሁለተኛው የከተማችን ሆስፒታል ነው፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ድጎማ ካልተሰጠኝ አልችለውም ባይ ነው። የጠየቀውን ገንዘብ ሲሰሙ አንዱ የቦርድ አባል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሦስተኛዎቹ ፔጀር ቀበቷቸው ላይ የሚሰኩት በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው። ስላይድ የላቸውም። አንድ ትልቅ ሰው ከመካከላቸው ተነስተው፣ ጥሪ ሲመጣ ዛሬም እንደሚወጡ፣ ግን ጉልበታቸው እያለቀ እንደሆነና የሚተካቸው ወጣት እንዳጡ ተናግረው ተቀመጡ። ጠዋቱን ሙሉ ከተወራው ሁሉ እውነት የመሰለኝ የእሳቸው ነው።

አሁን ወደ ክራቫቱ ልጅ ልመለስ። «ከጥሪዎቻችን 90 በመቶውን በውሉ ሰዓት እንደርሳለን» አለ። ጭብጨባ ቀረሽ። ይቺን 90 ግን ልብ በሉልኝ። ከ100 ጥሪ 80ው ከከተማ፣ 20ው ከገጠር ይመጣል እንበል። ኩባንያው የከተማውን 80 በሙሉ በሰዓቱ ደረሰ። ከገጠሩ 20 ደግሞ ለ10ሩ ደርሶ ለ10ሩ ዘገየ። ስንት ሆነ? 90! ውሉ ተከብሯል፣ ቅጣት የለም፣ ኬክ ይቆረሳል። ከበቆሎው መሃል ከጠራው ሰው ግን ግማሹ ደጁ ላይ ቆሞ መንገድ መንገድ ሲያይ ቀርቷል። ማንም አልዋሸም፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ለዚህ ነው የከተማውና የገጠሩ ቆጠራ ለየብቻ ይጻፍ፣ ቅጣቱም ለየብቻ ይሁን እያልኩ የምጮኸው። ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ደረቱን ተጭኖ የሚያግዘው ካላገኘ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ጠቅላላ መቶኛ የሚባል ነገር ለእሱ አይሠራለትም።

ደግሞስ ሳንቲም ሳይጠይቅ በምን ሊኖር ነው? ኧረ እናስብ። ገንዘቡ ያለው በ911 ጥሪ ላይ አይደለም፤ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ታማሚ ማዛወር ላይ ነው። ከዚህ አንስተው አዮዋ ሲቲ ወዳለው ትልቁ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፤ ማይሉ ረጅም፣ ኢንሹራንሱ የታወቀ፣ ቀጠሮው የተያዘ። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልተቃወምኩም፣ የሚዛወረውም ሰው ታሟል። ግን ሌሊት ላይ ያለችው አንዷ መኪና አዮዋ ሲቲ ደርሳ እስክትመለስ እዚህ ማን አለ? ከጎረቤት ካውንቲ ይመጣሉ ይሉናል። ጎረቤት ካውንቲም አንዷን መኪናውን ልኮ ከሆነስ?

ሕዝብ እንዲናገር ሲፈቀድ ለሰው 3 ደቂቃ ይሰጣል። ተነሳሁ። እንግሊዝኛዬን ታውቁታላችሁ፣ በንዴት ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፤ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካውንቲው ውስጥ ስንት መኪና ሰው ተቀምጦበት ይጠብቃል?» (በእነሱ ሰዓት አስልቼ ነው የጠየቅኩት፣ አትሳቁ።) ክራቫቱ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። እዚህ አገር ጥያቄህ በጣም ጥሩ ነው ከተባልክ መልስ የለውም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ አገር አምቡላንስን ማን ይንዳው የሚለው ነገር ግራ ሲያጋባው የኖረ ነው። የሀገሪቱ ሳይንስ አካዳሚ በፈረንጆች 1966 ያወጣው ሪፖርት ላይ ከአምቡላንስ አገልግሎቱ ግማሽ ያህሉ በቀብር አስፈጻሚዎች እጅ ነበር ይላል። አዎ፣ በሬሳ ሳጥን ነጋዴዎች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው አስተኝቶ የሚወስድ ረጅም መኪና የነበራቸው እነሱ ናቸው። አስቡት እስቲ፣ ታመህ የተኛህበት መኪና ሹፌር ቀስ ብሎ ቢነዳም የማይከስር ሰው ሲሆን! ከዚያ በኋላ ነው ፒትስበርግ ላይ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች ሠልጥነው ፍሪደም ሃውስ የሚባለውን አገልግሎት የጀመሩት፤ ዛሬ ፓራሜዲክ የምንለው ሙያ ብዙ ነገሩን ከእነሱ ተማረ። በ1975 ከተማው አገልግሎቱን ለራሱ ወሰደውና እነሱ ተገፍተው ወጡ። ይሄ ለብቻው ሌላ ቀን የሚያናድደኝ ነው፣ ዛሬ ጊዜ የለኝም።

ዋናው በሽታ ግን ክፍያው ነው። ሜዲኬር የሚከፍለው ሰው ጭነህ ስታደርስ ነው። ሄደህ፣ የስኳር ሕመምተኛውን ቤቱ አንቅተህ፣ ሻዩን አጠጥተህ፣ «ሆስፒታል አልሄድም» ካለህ ያ ሁሉ ድካም ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ለገጠር ጭማሪ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 17 ማይሎች ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያስባል። ግን እሱም የመጫን ክፍያ ነው። ጣቢያ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቀው ሰው የሚከፍል የለም። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ነው!

ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ቅሬ አለን።

ሸዋዎች እድር ነው የምትሉት፣ እሺ። እኛ አገር ቅሬ የሞተ ብቻ አይደለም የሚቀብር፤ የታመመም ይሸከማል። ቃሬዛው ከባሕር ዛፍ አጣናና ከጠፍር የተሠራ ነው፤ የሚቀመጥበት ቤት ይታወቃል፣ ጩኸት ሲሰማ ማን ሮጦ እንደሚያወጣው ይታወቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ትከሻውን ይሰጣል። ያልወጣ ይቀጣል፤ የቅሬው ዳኛ አጎትህም ቢሆን አይምርህም። አክስቴ ምጥ የጠናባት ሌሊት እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ፋኖስ ያዥ ተብዬ ከፊት ነበርኩ። አያ ሙሄ ከቀኝ፣ የቄሱ ልጅ ከግራ፣ ከኋላ ተለዋጮች። ያንን ቁልቁለት በጨለማ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ አንድም ጊዜ ፍጥነታቸው ሲቀንስ አላየሁም። ሲደክማቸው ሳያቆሙ ነው ትከሻ የሚቀያየሩት። አክስቴ ደግሞ ቃሬዛው ላይ ሆና ትሳደባለች፣ ምጥ ያለባት ሴት አፏ አይያዝም፤ አያ ሙሄን «አንተ አህያ፣ አታንገጫግጨኝ!» ስትለው እሱ «አብሽሪ እቴ፣ አህያስ ቢሆን የሚያደርስሽ ማን ሆነና» ይላታል። ወረኢሉ መንጋት ሲጀምር ደረስን። የተወለደው ልጅ ዛሬ ከእኔ ይረዝማል፤ እናቱ እስካሁን ከተናደደች «አንተ የቃሬዛ ልጅ» ትለዋለች።

አያ ሙሄ ያን ሌሊት ክፍያ አልተቀበለም። ግን ነጻም አልነበረም። እናቴ ቤት ሰላም በሆነበት ወር ሁሉ ለቅሬው ትከፍል ነበር፤ አባቴ የሌላ ሰው ሚስት በተሸከመበት ሌሊት ከፍሏል። በዚህ ወር የታመመ የለም፣ ብሬን መልሱልኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቢል ይሳቅበታል፤ አልፎም «ምን ሊመጣ ነው» ተብሎ ይፈራል።

ኋላ ላይ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያድል፣ ላንድክሩዘሯ ስትመጣ፣ እልል ነው የተባለው። እውነት ለመናገር ለውጥ አምጥቷል፤ በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሀገሪቱ የጤና ጥናት ከመቶ ወላዶች 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ ጤና ተቋም የሚወልዱት፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። መኪናዋ ብቻዋን አላመጣችውም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹ እግር አለበት፣ ግን እሷም አለችበት። ከዚያስ? ከዚያ ናፍጣ የለም። ጎማ የለም። ሹፌሩ ስብሰባ ነው። መኪናዋ ባለሥልጣን ይዛ ወጥታለች። የታማሚ ቤተሰብ ለናፍጣ ገንዘብ አዋጥቶ የሚጠብቅበት ጊዜ መጣ። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ያቃጠለኝ ይሄ አይደለም። ያቃጠለኝ «አምቡላንስ አለ» ተብሎ ቃሬዛው መረሳቱ ነው። ጠፍሩ ተበጥሷል፣ የጠገነው የለም። ልጆቹም ሸክሙን አልለመዱትም። አንድ ሌሊት መኪናም ሳይኖር፣ ቃሬዛም ሳይኖር፣ ሰው በር ላይ እንደቆመ ነጋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም።

እና ዛሬ ያ ክራቫት «በጎ ፈቃደኞቹ የሚያስፈልጉ አይመስለንም» ሲል ደሜ ለምን እንደፈላ ገባችሁ? ኩባንያው በሁለተኛው ዓመት አላዋጣኝም ብሎ ቢሄድ ፔጀሩን ማን መልሶ ይሰካዋል? ሥልጠናው ከመቶ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የተበተነ ሰው በማስታወቂያ አይሰበሰብም።

እሺ፣ ተረጋጋሁ።

አይ፣ ሂሳቡን ረስቼው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ደረቷን ሲያማት የመጣውን አምቡላንስ ታስታውሳላችሁ፣ ለቅሶ የመሰላችሁ ሁሉ ምግብ ይዛችሁ የመጣችሁ ጊዜ። (እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሰው ጨጓራ ታሞ ንፍሮ አይቀቀልም።) የመኪናው ሂሳብ ከሆስፒታሉ ቀድሞ ነው ቤት የገባው። ኢንሹራንሳችን «ከእነሱ ጋር ውል የለንም» ብሎ ጥቂት ወርወር አድርጎ ቀሪውን ለእኛ። ደወልኩ፤ እኔ ምን አግብቶኝ ነው መኪና የምመርጠው፣ ደረቷን ይዛ እያለች ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ ወይ ልበል? ሕጉን ሳነበው ደግሞ ጭራሽ። ያልጠበቁት ሂሳብ እንዳይመጣ የሚከለክለው ሕግ በፈረንጆች 2022 ጥር ላይ ሥራ ሲጀምር ሄሊኮፕተሩን አስገብቶ በጎማ የሚሄደውን አምቡላንስ ትቶታል። በሄሊኮፕተር የምትታመሙ እንኳን ደስ አላችሁ።

ለዚህ ነው እኔ ሆስፒታሉ ያሸንፍ የምለው፣ ድጎማውም ይሰጠው፣ በጎ ፈቃደኞቹም በስሩ ይታቀፉ፤ ለሥልጠናና ለነዳጅ ይከፈላቸው፣ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ይሁኑ። ውሉ ላይ ደግሞ የገጠሩ ሰዓት ለብቻው ይጻፍ፤ ለዝውውር የምትሄድ መኪና ካለች የምትተካት ሳትኖር አትንቀሳቀስ። ሆስፒታሉ መልአክ ስለሆነ አይደለም። ፓርኪንግ ላይ የሠሩብኝን አልረሳሁም። ግን ነገ ተነስቶ ወደ ሌላ ስቴት አይሄድም፣ የሚሰደብበትን በር እናውቀዋለን።

ገንዘቡ ከየት? ከታክስ ነዋ። በዚህ ስቴት ፖሊስና እሳት አደጋ ግዴታ ሲሆኑ አምቡላንስ እንደ ፈቃድ ነው የኖረው። በፈረንጆች 2021 የወጣው ሕግ ካውንቲው ከፈለገ አምቡላንስን አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ አውጆ ታክሱን ለሕዝብ ድምጽ እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ ለማለፍ 60 በመቶ ያስፈልጋል። ታክስ ሲባል ፊታችሁ እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። የእኔም ይጨማደዳል። ግን ለሐበሻ እድር በየወሩ ሳትሳሱ ትከፍላላችሁ አይደል? እሱ የሚመጣው ከሞታችሁ በኋላ ነው!

ታክሱ ለድምጽ ከቀረበ ዜግነት ያላችሁ ድምጻችሁን ስጡ። የሌላችሁም ስብሰባው ክፍት ነው፤ ማንም መታወቂያ አልጠየቀኝም። ደግሞ እባካችሁ የቤታችሁን አድራሻ በእንግሊዝኛ ሸምድዱ፣ ልጆቻችሁንም አስሸምድዱ። 911 ሲደወል መጀመሪያ አድራሻ ነው። «ከሰማያዊው ቤት አለፍ ብሎ» አይሠራም፣ ሰይፉ፣ አንተን ነው።

ቦርዱ የሚወስነው በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዛሬም ሌሊት ገቢ ነኝ፣ ልተኛበት። ኮሜንት ላይ ስለ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት የሚጽፍ ሰው አጠፋዋለሁ።