ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት

በቋንቋችን «ሸክላ» የምንለው የዘፈን ዕቃ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ሁለት ነው። አንደኛው በግራማፎን ዘመን የነበረው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ከባድና ተሰባሪው ነው። ሁለተኛው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1948 ወዲህ የተስፋፋው፣ ከፕላስቲክ የተሠራውና በ33 ወይም በ45 ዙር የሚሄደው ነው። ይህን ልዩነት ባለማወቅ የጠፋ ድምፅ ቀላል አይደለም። የሚያሳዝነውም አጥፊው አብዛኛውን ጊዜ ቸልተኛ ሰው ሳይሆን ለዕቃው የሚሳሳ ሰው መሆኑ ነው።

አንድ ወዳጄ ከአያቱ የደረሰችውን አሮጌ ሸክላ ሊያጸዳ አስቦ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጠረጋት። ጥጡ ጠቍሮ ሲወጣ «ይኸው፣ የስንት ዘመን እድፍ!» እያለ ተደሰተ። ነገር ግን የወጣው እድፍ አልነበረም፤ ራሷ ሸክላይቱ ነበረች። ከዚያ ወዲያ መርፌው ሲያርፍባት የሰማነው የአሸዋ ድምፅ የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አሮጌው ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው። ሙጫውን የሚያወጡት በህንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ሲሆኑ፣ እርሱም ከተፈጨ ድንጋይና ከጥቀርሻ ጋር ተደባልቆ በሙቀት ይታተማል። ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። አሞኒያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃም ይጎዳዋል።

እኔም ከአጎቴ የወረስኋቸው አሥራ አንድ ሸክላዎች ስላሉኝ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ወጪው ለትንሽ ደመወዝተኛም አይከብድም። አስቀድሜ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ የቦዩን ዙሪያ ተከትዬ እጠርጋለሁ። ቀጥሎ ዲስቲልድ በሚባለው ውሃ አንድ ሊትር ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ቀለምና ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና እጨምርና ለስላሳ ጨርቅ በጥቂቱ አርሼ አብሳለሁ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ ሳሙናውን አነሣለሁ። መካከል ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ እጠነቀቃለሁ። ሸክላውን ውሃ ውስጥ አልዘፈዝፍም፤ የተሰነጠቀውንም ውሃ አላስነካውም። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደርቀዋለሁ እንጂ ፀሐይ ላይ አላሰጣውም፤ በሙቀት ይጣመማልና።

የትኛው ዓይነት መሆኑን የተጠራጠረ ሰው እንደ አሮጌው ቈጥሮ ያጽዳው። እንዲህ ያለው አጠባ ፕላስቲኩንም አይጎዳውም።

መርፌም ነገር አለው። የአሮጌው ሸክላ ቦይ ከዘመናዊው ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የራሱን መርፌ ይፈልጋል። በግራማፎን የሚጫወት እንደ ሆነ የብረቱ መርፌ በየፊቱ መለወጥ አለበት። በሸክላው ውስጥ ያለው የድንጋይ ዱቄት መርፌውን ይሞርደዋል፤ የተሞረደው መርፌ ደግሞ በተራው ቦዩን ይቈርጣል። ሲያነሡት በጠርዙና በመካከሉ ይዘው፣ ሲያስቀምጡትም በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ከትተው እንደ መጽሐፍ ማቆም ይገባል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሦስት ደቂቃ ዘፈን ነውን? የሚል ይኖራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹት እንዲህ ባለው ሸክላ ላይ ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥም የማን ድምፅ ተቀምጦ እንደሚገኝ ሳይሰሙት አይታወቅም። ስለዚህ ምናለሽ ተራም ሆነ ከዘመድ ቤት አሮጌ ሸክላ ያገኘ ወጣት አስቀድሞ በወጉ ያጽዳው፤ ከዚያ በተስማሚ መርፌ አጫውቶ ወደ ኮምፒዩተር ይቅዳው፤ ዘወትር የሚያዳምጠውም ቅጂውን ይሁን። የተሰበረ ጀበና ሌላ ይገዛለታል። ከሸክላ ላይ ተጠርጎ የወጣ ድምፅ ግን ጥጡ ላይ ቀርቶ ይጣላል።