የእናቴ ቢጫ ካርድ

ይህን የምጽፍላችሁ በእኔ ጥፋት ሊበላሽ ደርሶ በእናቴ እውነተኛነት ስለተቃና ጉዳይ ነው።

እናቴ የሞጣ ሰው ናት። እኔ በሥራ ምክንያት የምኖረው ቢቸና ነው። ከወንድሞቼ ጋር ተጋግዘን ለረመዷን ዑምራ ልንልካት ስንነሣ ዕድሜዋ 66 ደርሶ ነበር። ፓስፖርቱ አለቀ፤ ገንዘቡ ተከፈለ፤ የቀረው የማጅራት ገትርና የቢጫ ወባ ክትባት ሆነ።

መቼም «ወባ» የሚለው ስም አሳሳች ነው። እናቴም «እኛ ደገኞች ምን ወባ አለብን? ወባ የቆላ ነው» አለች። ቢጫ ወባ ግን ከምናውቀው ወባ ጋር ዝምድና የለውም። ቫይረስ ነው፤ የሚያስተላልፈውም ቀን ቀን የሚናከስ ኤደስ የተባለ ትንኝ ነው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ታይቷል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከእኛ አገር የሚሄደውን መንገደኛ ካርድ የምትጠይቀውም ስለዚህ ነው። ትንኟ ጅዳም አለች፤ እዚያ ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታዛምተው እርሷው ናት። ቫይረሱን በደሙ ይዞ የገባ አንድ ሰው ከየአህጉሩ በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቡት።

ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ያለ አንድ ሰው «መርፌውን ከፈራች ካርዱን ብቻ አስመታላችኋለሁ» ብሎኝ ነበር። ያንን እንኳ አልተቀበልኩም፤ በሐሰተኛ ማኅተም ለኢሕራም መነሣት ከበደኝ። ግን ከዚያ ያልተሻለ ሌላ ነገር አደረግሁ። እናቴ በዚያ ሰሞን አስሟ ጠንቶባት ሐኪም ያዘዘላትን ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ ትውጥ ነበር። «እማዬ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ካሉሽ የለም በይ፤ ካወቁ ይመልሱሻል» አልኳት። ዝም አለችኝ።

ከደጀን ቁልቁል ወርደን የዓባይን በረሃ አቋርጠን አዲስ አበባ ገባን። ሐኪሙ በትሕትና ጠየቃት፦ «እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው? እንቁላል ሲበሉ ሰውነትዎን ያብጥዎታል? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ከመቀነቷ ኪኒኑን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ወደ አላህ ቤት ነው የምሄደው ልጄ፤ በውሸት አልጀምርም» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ክትባቱ ሕይወት ያለው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ መሆኑን ነገረን። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ተሰጥቷል፤ ጤነኛ ሰውነት በቀላሉ ይቋቋመዋል። ፕሬድኒሶሎን በብዛት ሲወሰድ ግን የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ ያን ጊዜ የተዳከመው ቫይረስ ራሱ ሊያሳምም ይችላል። ጉበትንና ሌላውን የውስጥ አካል የሚጎዳው ከባድ ችግር ከመቶ ሺህ ተከታቢ አንድ ሰው ላይ እንኳ አይደርስም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚከተቡና ዕድሜያቸው ከ60 ባለፈ ሰዎች ላይ ግን ከፍ ይላል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንና እንቁላል ክፉኛ የማይስማማው ሰው አይከተቡም፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ከሐኪም ጋር መመካከር አለባቸው።

«ክትባቱ አይስማማትም የሚል ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ተቀባዩ አገር የመቀበል ግዴታ የለበትም» አለን። መጠበቁን መረጥን።

ረመዷን አለፈ። ከከፈልነው ገንዘብ የተመለሰልን ከፊሉ ብቻ ስለነበር ወንድሞቼ ወቀሱኝ፤ ልክ ነበሩ። አጎታችን ግን ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) የሻም ወረርሽኝ ወሬ ሲደርሳቸው ከነሠራዊታቸው ከመንገድ መመለሳቸውን አንስተው «እናንተ ለአንድ ወር ጉዞ ትጣላላችሁ?» አሉን።

አስሟን የሚያክማት ሐኪም ኪኒኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ አቋረጠላት። ካቆመች ከወር በላይ ቆይተን አዲስ አበባ ተመለስን። ሐኪሙ ዕድሜዋንና ጤንነቷን አመዛዝኖ ክንዷ ላይ ወጋት። ካርዱ የሚጸናው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ ይህም ከ2016 ጀምሮ የጸና ደንብ ነው። ድሮ በየአሥር ዓመቱ ይታደስ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት። ከቢቸና ሞጣ በሌሊት ደረስኩ። ዐይኗ ቢጫ መሆን አለመሆኑን በባትሪ እያየሁ ሳስቸግራት «ተወኝ፣ ልተኛበት» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ለቀቃት፤ አልሐምዱሊላህ።

ጅዳ ስትደርስ ደወለችልኝ። መኮንኑ ካርዱን ገልበጥ አድርጎ መልሶላታል። «ይኸው ነው፤ አላነበበውም እንኳ» አለች። የአስም መድኃኒቷን አለመርሳቷን ስጠይቃት ሳቀች።

«ይዤዋለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።»