ዕድሜዋ ያልደረሰ አሮጊት

በጀርመን አገር አንዲት የናፍጣ መኪና 29 ዓመት ሲሞላት ከከተማ የምትባረር ጭሳም ናት፤ በዓመቱ 30 ስትደፍን ግን ቅርስ ትባላለች። ቀልድ አይደለም፤ ሕግ ነው። ከ30 ዓመት በፊት ታርጋ ያገኘች፣ ይዞታዋ ያልተበላሸና መልኳ ያልተለወጠ መኪና በባለሙያ ተመርምራ ስታልፍ ከታርጋዋ ቁጥር ጫፍ ላይ «ኤች» የምትባል አንዲት ፊደል ትጨመርላታለች። ታሪካዊ ናት ማለት ነው። ይህቺን ፊደል ያገኘች መኪና እንደ ልቧ መሀል ከተማ ትገባለች፤ የዓመት ግብሯም በቁርጥ 191 ዩሮ ከሳንቲም ብቻ ይሆናል። ጭሷ ትናንት ከነበረው ቅንጣት ታህል አልቀነሰም። የተለወጠው ዕድሜዋ ነው።

ይህን ያወቅሁት በአጎቴ መኪና ምክንያት ነው። ጋሼ ከኮሎኝ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ መኖር ከጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መኪናቸው የ1992 ሥሪት (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ) ባለ ናፍጣ መርሴዲስ 250 ነበረች። በ2019 ሐምሌ ላይ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ሞተሯ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ የወንበሯ ጨርቅ እንኳ አልሳሳም። ነገር ግን ኮሎኝ መግባት አትችልም።

ለአገራችን አንባቢ ነገሩን በቦሎ ማስረዳት ይቀላል። ቦሎ መኪናይቱ ተመርምራ ለመንገድ ብቁ መሆኗን ይመሰክራል። የጀርመኑ ተለጣፊ ግን ስለ ፍሬንም ስለ መሪም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስለ ጭሷ ነው። በርሊን፣ ኮሎኝና ሃኖቨር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ መሀል ከተማቸውን ከለሉ፤ ሌሎች ብዙ ከተሞችም ተከተሉ። ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ክብ ወረቀት፣ የታርጋው ቁጥር ተጽፎበት፣ ከፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ቀዩም ይገባ ነበር፤ ቆይቶ ቀዩ ተከለከለ፣ ቢጫውም ተከተለው፤ አረንጓዴው ብቻ ቀረ። የቤንዚን መኪና ከሆነች፣ የጭስ ማጣሪያ ካላት፣ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት ብትሆንም አረንጓዴውን ታገኛለች። የናፍጣ መኪና ግን በአብዛኛው «ዩሮ 4» የሚባለውን ደረጃ ማሟላት አለባት። ሳይለጥፉ መግባት ያን ጊዜ 80 ዩሮ ያስቀጣ ነበር፤ ዛሬ 100 ሆኗል። ከውጭ አገር የመጣ መኪናም አይማርም። ሃኖቨር በበኩሏ አየሬ ተሻሽሏል ብላ በ2024 ክልሏን አንሥታለች።

የጋሼ መኪና ቀዩን እንኳ የምታገኝ አልነበረችም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መኪናዋን ከክልሉ ውጭ፣ የከተማ ባቡሩ መነሻ ላይ ያቆሟትና ድፎ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በባቡር ይገባሉ። አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ዳቦው ገና ትኩስ ስለነበረ ሽታው ባቡሩን ሞላው፤ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ዘወር እያለች ታየን ነበር። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣሁት እኔ የጀርመን ዜግነት አግኝቼ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው መኪናዬ የመግቢያ ፈቃድ ትጣ?» አሉኝ።

በዚያው ወር ለንደን ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለማየት በዚያችው መኪና ተነሣን። የእኔን ቪዛ የማግኘት ጣጣ ለሌላ ቀን ላቆየው፤ በየድንበሩ ወረቀት የሚያስፈልገን እኔና መኪናዋ መሆናችንን ብቻ ልናገር። ጋሼ ከመንገዱ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ካርታ ዘርግተው በቀይ እስክሪብቶ ሲያከብቡ አመሹ። አኽን ክልል አላት፤ አውራ ጎዳናውን ሳይለቁ ማለፍ ነው። አንትወርፕ ከ2017፣ ብራስልስ ከ2018 ጀምሮ ተከልለዋል። ወደ ብራስልስ የሚገባ የውጭ መኪና አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ደረጃውን የማያሟላ ደግሞ ያን ጊዜ የአንድ ቀን ፈቃድ በ35 ዩሮ ይገዛ ነበር፤ ያውም በዓመት ከስምንት ቀን አይበልጥም ነበር። ሳይፈቀድለት ገብቶ ካሜራ ያነበበው 350 ዩሮ ይከፍል ነበር። የብራስልስ ቀለበት መንገድ ግን ከክልሉ ውጭ ነው።

እናም አውሮፓን በዳር በዳሯ አለፍናት። ብራስልስን ያየሁት በአረንጓዴና በሰማያዊ የመንገድ ሰሌዳ ላይ ስሟ ተጽፎ ነው። አሮጌ መኪና የያዘ መንገደኛ አገር የሚያየው እንዲህ ነው፦ ነዳጅ ማደያ፣ የድምፅ መከላከያ ግንብ፣ መጋዘን፣ እንደገና ነዳጅ ማደያ። በከሌ ላይ ፌሪ ተሳፍረን ዶቨር ስንወርድ ጋሼ መሪያቸው በግራ መንገዱም በግራ ሆኖባቸው ትንሽ ተጨነቁ፤ እኔ ከቀኝ ወንበር ሆኜ «አሁን ይለፉ፣ አሁን ይቁሙ» እያልኩ ለንደን ገባን።

ለንደን ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ አፕሪል 8 ቀን 2019፣ የጠበቀውን ክልሏን በመሀል ከተማ ጀምራ ነበር። የእንግሊዞቹ ዘዴ ከጀርመኖቹ ይለያል። ተለጣፊም ክልከላም የለም፤ ክፍያ ነው። ደረጃውን ያላሟላ የቤት መኪና በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል፤ ካሜራው ታርጋውን ያነባል። የአክስቴ ልጅ ቤት በስተሰሜን ስለነበረ ያን ጊዜ ከክልሉ ውጭ ነበር፤ መኪናችንን በሯ ላይ አቁመን በአውቶቡስ ተዘዋወርን። በኦክቶበር 2021 ግን ክልሉ ሰፍቶ እሷን ዋጣት፤ በኦገስት 2023 ደግሞ የለንደንን ቀበሌዎች ሁሉ ጠቀለለ።

እሷ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት። መኪናዋ የ2012 ናፍጣ ነበረች፤ ለናፍጣ የሚፈለገው ደረጃ ግን በአብዛኛው ከሴፕቴምበር 2015 ወዲህ የተመዘገቡትን ነው። አንድ «ቀን» ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆጠራል። ማታ በሦስት ሰዓት ወጥታ ጠዋት በአንድ ሰዓት የምትመለስ ሴት እንግዲህ አንዴ ሠርታ ሁለት ቀን ትከፍላለች፤ 25 ፓውንድ። በስልክ ስትነግረኝ፣ «የመጀመሪያዋ ሰዓት ደመወዜ በሙሉ ለጭሴ ነው» ብላ ሳቀች። ደግሞ ወዲያው ድምጿ ተለወጠ። ትንሹ ልጇ አስም አለበት። የሚነፋውን መድኃኒት በኪሱ ሳይዝ ትምህርት ቤት አይሄድም። «ታዲያ ምን ልበል? ክልሉ ይነሣ ልበል?» አለችኝ።

እዚያው ለንደን፣ ሳውዝ ሰርኩላር ከሚባለው መኪና የማይለየው አውራ መንገድ አጠገብ ትኖር የነበረች ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በፌብሩዋሪ 2013 በከባድ አስም ሞታለች። እናቷ ዓመታት ተከራክራ በዲሴምበር 2020 የአሟሟት መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ ምክንያት መሆኑን መዘገበ። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ብያኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በጋሼ መኪና ላይ የነበረኝ ሐዘኔታ መልኩን ለወጠ። ከናፍጣ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ትዝታም ፍቅርም አያውቅም፤ ሳንባ ነው የሚያውቀው።

ቢሆንም ሕጉ ያለ ነውር ነው አልልም። መኪና 30 ዓመት ይዞ ዝገቱን እያስፋቀ፣ የፋብሪካ ዕቃ እያስመጣ ቅርስ ላይ የሚያደርሰው ማነው? ጋራዥና ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። በለንደንም 40 ዓመት የሞላት መኪና ከክፍያው ነፃ ናት። በእርግጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ የሚነዱትም ለሽርሽር ነው ይባላል። ይሁን። ግን በሴፕቴምበር 2015 የወጣውን የቮልስዋገን ጉድ ማን ይረሳዋል? በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪኖች ምርመራ ላይ ሲሆኑ ጭሳቸውን የሚደብቅ፣ መንገድ ላይ ሲሆኑ የሚለቅ ፕሮግራም ተገጥሞላቸው ነበር። ብዙዎቹ በጀርመን ከተሞች አረንጓዴ ለጥፈው ሲንሸራሸሩ፣ ጭሷን በአደባባይ የምታወጣው የጋሼ መኪና ዳር ቆማ ነበር።

በ2021 የመኪናዋ ወለል መዛግ ጀመረ። ብየዳው ከዋጋዋ በለጠ። 29 ዓመቷ ነበር፤ አንድ ዓመት ቀራት። ጋሼ ቆጠሩ፣ ደመሩ፣ ተዉት። በጀርመን አሮጌ መኪና መንገድ ላይ ያቆመ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ካርድ አለች፤ «መኪናዎን እገዛለሁ» የሚል ስልክ ቁጥር ያለባት፣ በበሩ መስታወት ጎማ ላይ የምትሰካ። ጋሼ ለዓመታት እየነቀሉ ሲጥሏት ኖረው አንዷን በኪሳቸው አስቀሩ። ነጋዴው በማግሥቱ መጣ። ሞተሯን አስነሥቶ በጆሮው አዳመጠ፤ ስለ ጭሷም ስለ ዝገቷም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። 900 ዩሮ ቆጠረላቸው። ወዴት ነው የምትወስዳት ቢሉት፣ «አንትወርፕ፣ ከዚያ በመርከብ ምዕራብ አፍሪካ» አላቸው።

ብቻዋን አልሄደችም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ያወጣው ጥናት እንደሚለው ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም ተልከዋል። ከመቶ ሰማንያው የሄደው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ሲሆን ከግማሽ በላዩ የገባው አፍሪካ ነው። የኮሎኝ ሳንባ የዳነው እንግዲህ በከፊል በሌላ ከተማ ልጆች ሳንባ ነው። ይህን ስላቸው ጋሼ ብዙ ዝም ብለው፣ «ባልሸጣትስ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን አበረታቷል፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድምፅ አልባዎቹ በዝተዋል። ያም ሆኖ ቀድሞ የገባው አሮጌ አልጠፋም፤ ዋጋውንም አልጣለም። እንዲያውም የ1980ዎቹን ዲኤክስ ቶዮታ ዋጋ የሰሙት ጋሼ፣ «በዚህ ብር እኮ እዚያ አራት እገዛለሁ» ብለው ተገርመዋል።

ይህን ያሉት በ2025 ለገና መጥተው መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ ነው። ያገኘነው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ዳገቱን ሲጀምር ከፊታችን ያለ አይሱዙ ጥቁር ጭስ ለቀቀብን። ጋሼ ከመቅጽበት መስኮቱን ዘጉ። ረዳቱ ከበሩ ዘወር ብሎ አያቸውና፣ «አባባ፣ መስኮቱን ይክፈቱት እንጂ፤ ሰው እኮ ታፈነ!» አላቸው።