«ከላይ የመጣ ነው»

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ሰሞን፣ በሰፈራችን ቡና እያፈሉ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ቤታቸው ታሸገባቸው። የሕግ መምህር መሆኔን ያውቃሉና «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አብሬያቸው ሄድሁ። የተጻፈ ወረቀት አልነበረም። ከሹሙ ያገኘነው መልስ «ከላይ የመጣ ነው» የሚል ብቻ ሆነ።

ውድ አንባብያን፣ ለብዙ ዓመታት በረቂቅ የቆየው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወጣው በዚያው ዓመት ነበር። የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ ቅር የተሰኘም በፍርድ ቤት እንዲያስመረምር ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በእንዲህ ያለ ጊዜ ከማይገደቡት መብቶች መካከል ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ን ይጠቅሳል፤ ፍትሕ የማግኘት መብት የሰፈረበት አንቀጽ 37 ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጠይቁኝ፣ እኔም በየዓመቱ የምቸገርበት ክፍተት ይህ ነው።

ወረርሽኝን ለመግታት ቤት መዝጋት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ሁለት መስመር ምክንያት ጽፎ መስጠት የትኛውን በሽታ ያዛምታል? አቤቱታስ ያለ ወረቀት በምን ላይ ይቀርባል?

የእኒያ እናት ቤት ከወራት በኋላ ተከፈተ። እርሱም በቃል ነው።