በጐንደር ሰማይ ስለሚያድኑ አሞሮች

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሯትን ጐንደርን ለመጐብኘት የሚሄድ መንገደኛ፥ ዓይኑን በግንቡ በርና ደረጃ ላይ ብቻ እንዳያሳርፍ እንመክረዋለን፤ ቀና ብሎ ሰማዩንም ይመልከት። በግንቡ ስንጥቅ ርግቦች ያድራሉና፥ ርግብ ባለበትም ጭልፊት አይታጣም። ርግቦቹ ድንገት ተነሥተው በአንድነት የዞሩ እንደ ሆነ፥ ጠላት ከበላያቸው መጥቷል ማለት ነው። ጭልፊቱ ክንፉን አጥፎ ከከፍታ ይወረወራል፤ ከመንጋው የተለየችውንም ነጥሎ ያሳድዳል። አንዳንድ ጊዜም ባልና ሚስቱ ተባብረው ሲያድኑ፥ አንዱ ያስበረግጋል፥ ሁለተኛው ይይዛል።

በደብረ ብርሃን ሥላሴና በቍስቋም ዙሪያ እንዳሉት ባሉ ዛፎች መካከል የሚያድነው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ክንፉ አጭር ጅራቱ ረዥም ስለ ሆነ በቅርንጫፍ መካከል እንደ ልቡ ይታጠፋል፤ በቅጠልም ተሸሽጎ ይጠብቃል። በአትክልት ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ሁሉ ባንድ አፍታ ዝም ያሉ እንደ ሆነ፥ እርሱን አይተውት ይሆናል።

የባለቤቶችን ጫጩት አዘውትሮ የሚነጥቀው፥ ጅራቱ እንደ መንሽ የተከፈለው ጭላት ነው። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ቅርጫት ደፍቶባቸው ማዋል ይበጃል። ጫጩት የተነጠቀባት እመቤት ብትቈጣ አንፈርድባትም፤ ነገር ግን ቍጣው ባልበደለው ላይ ሲወርድ እናያለን። ከጐንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲወጡ፥ ደረቱ ነጭ፥ ጀርባው ጥቍር፥ ጅራቱ ቀይ የሆነ ትልቅ አሞራ በገብስ ማሳ ዳር ተቀምጦ ይታያል። የዚህ ዋና ምግቡ የሜዳ አይጥ ነውና፥ እርሱን በድንጋይ የሚወግር ገበሬ የራሱን የእህል ዘበኛ ይገድላል። የአይጥ መርዝም የተመረዘችውን አይጥ በሚበላው አሞራ ላይ ይተላለፋል።

ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞና በሰሜን ገደል ደግሞ፥ ወፍ ማሳደድ ልማዱ ያልሆነ፥ አጥንት ከድንጋይ ላይ ጥሎ እየሰበረ ቅልጥሙን የሚበላ ታላቅ አሞራ አለ። በ1762 ዓ.ም. ጐንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ፥ በሊማሊሞ ራስ ላይ ይህ አሞራ ምሳቸውን እንደ ቀማቸው ጽፏል። መጀመሪያ እግሩን ከድስቱ ከተተ፤ ሲያቃጥለው ትቶ፥ በገበታ የነበረውን የፍየል ጭንና ወርች ይዞ በረረ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጠመንጃ ገደለው፤ ሬሳውን ቢያነሣ ብጫ ትቢያ እጁን ስላለበሰው እጅግ ተደነቀ። ይህ አሞራ ብረት ባለበት ቀይ አፈር እየታጠበ ላባውን እንደሚያቀልም ዛሬ ታውቋል።