ልጣጭ የሚይዘውና የማይዘው

በገበያ ቀን አቦምሳ የገባ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። እኔም ለዘመድ ጥየቃ ወደዚህች የአርሲ ቆላ ከተማ ስወርድ ብርቱካን፣ ፓፓያና ሙዝ ገዝቼ ነበር ወደ ቤት የገባሁት። አቦምሳ የመርቲ ወረዳ መቀመጫ ናት። ዳቦ ላይ የምንቀባው የመርቲ ማርማላታና ወጥ ውስጥ የምንጨምረው የቲማቲም ድልህ ስማቸው ከዚሁ አካባቢ የመጣ ነው። በአዋሽ ውሃ የሚለማ ሜዳ ስላለ ፍራፍሬው ብዙ ነው፤ ልጣጩም እንዲሁ።

ልጣጭ የበግና የፍየል ቀለብ ነው። ባረፍኩበት ቤት ግን የብርቱካን ልጣጭ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። የቤቱ እመቤት፣ የልጅ ልጆቻቸው «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው አያት ናቸው። ትልቋ የልጅ ልጃቸው ልጣጭ ውሃ ያጣራል የሚል ወሬ ከትምህርት ቤት ይዛ መጥታለች። እሳቸውን ያሳሰባቸው ደግሞ ትንሿ ናት። ወንጂ ሳሉ ያሳደጓቸው ልጆቻቸው ጥርስ በልዟል። «እማማ፣ ለምንድን ነው የሚያሰጡት?» ብላቸው፣ «የዚችኛዋ ጥርስ ገና ነው፤ ልጣጩን ውሃዋ ውስጥ ባደርግላት እንደነሱ እንዳይሆንባት ብዬ ነው» አሉኝ።

ልጅቷ የሰማችው ከንቱ ወሬ አይደለም። የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት የተፈጨ የሙዝ ልጣጭ ከወንዝ ውሃ ውስጥ እርሳስና መዳብ እንደሚለቅም፣ ያው ልጣጭም እስከ 11 ጊዜ ተደጋግሞ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቲማቲምና የፖም ልጣጭ ተሞክሯል። ምስጢሩ ቀላል ነው። ልጣጭ ውስጥ እንደ ፔክቲን ያሉ ነገሮች አሉ፤ እነዚህ ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረትን ስበው ይይዛሉ። ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት የሞጆ ወንዝ ቆቃ ይገባል፤ አዋሽ ከቆቃ ወጥቶ ነው ወደ ወንጂና ወደ መርቲ ሜዳ የሚወርደው። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮም ደግሞ ልጣጭ ሊይዛቸው ከሚችሉት ብረቶች አንዱ ነው።

የአኮ ሥጋት ግን ሌላ ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው። ከስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አለት እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ የሚበልጡ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ሲበዛና ዓመታት ሲቆይ አጥንትንም ይጎዳል፤ በወንጂ የስኳር ሠራተኞች ላይ ይህ ታይቷል። ፍሎራይድ እንደ ብረቶቹ አይደለም፤ የያዘው ኤሌክትሪካዊ ሙል ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ጥሬ ልጣጭ አይስበውም። ተመራማሪዎች ልጣጭን ለፍሎራይድ ሲያዘጋጁ አስቀድመው እንደ አሉሚኒየም ያለ ብረት ያስይዙታል፤ ይህ የጓዳ ሥራ አይደለም። ልጣጭ ጀርም አይገድልም፤ እንዲያውም ውሃ ውስጥ ሲያድር ይበሰብስና ለጀርም ምግብ ይሆናል።

ብዙዎቻችን ደግሞ «ካፈላሁት ምን ቀረው?» እንላለን። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም። ውሃው እየተነነ ሲቀንስ የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው በአብዛኛው ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ አንዴ ከበለዘም በመፋቅ አይነጣም። ስለዚህ በቤት ውስጥ የተሻለው ውሃ ቅድሚያ ለትንንሾቹ ይሁን። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በጣም ጥቂት ነው። የዝናብ ውሃም ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው። ጣራውን ያጠበው የመጀመሪያው ዝናብ ይፍሰስ፤ ከዚያ በንጹሕ ዕቃ ተጠራቅሞ፣ ተፈልቶ ወይም በውሃ አጋር ታክሞ ይጠጣ። የምትቀዱበት ጉድጓድ የፍሎራይድ መጠን ስንት እንደሆነ የአካባቢያችሁን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቁጥሩን ማወቅ መብታችሁ ነው።

ለአኮ ይህንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ስለ ልጣጩ ሳይሆን ስለ ጣራው ጠየቁኝ፤ አሸንዳው ስንት ሜትር እንደሚፈጅ።